የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሳይቆፍሩ መገመት

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ሠርቷል። የችግኝ ማጠጫው ተጠግኗል፣ የሳይንስ ኤግዚቢሽኑም ደምቆ አልፏል። የዚህን ዘገባ ትልቁን ቦታ ግን ለሜታል ዲቴክተሩ እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ሲያድጉ ያየሁት በእሱ ነውና።

መሣሪያው ጋሬት ጂቲአይ 2500 ይባላል። የላከልን ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ነው፤ ክበቡ ከልብ ያመሰግነዋል። በባንክና በሆቴል በር ላይ የምናውቀው መፈተሻ ብረት መኖሩን ብቻ ይናገራል። ይሄኛው ግን የተቀበረውን ነገር መጠንና ጥልቀት በስክሪኑ ላይ በሥዕል ያሳያል። መጠኑን ከሳንቲም ካነሰ ነገር እስከ ከለስላሳ ጣሳ የሚበልጥ ድረስ በአምስት ይከፍለዋል።

መሣሪያው የሚሠራው ሳይንቲስቱ ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ባገኘው ሕግ ነው። በጥቅል ሽቦው ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያልፋል። በዚህ የተነሳ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ያገኘው ብረታ ብረት ላይ ዙሪት ጅረት የሚባሉ፣ ክብ እየሠሩ የሚዞሩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰቶችን ያስነሳል። እነሱ መልሰው የሚፈጥሩትን መስክ መሣሪያው ይሰማል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሩቅ ያለ ትልቅ ዕቃና ቅርብ ያለ ትንሽ ዕቃ የሚመልሱት ምልክት ሊመሳሰል ይችላል። ተራው ዲቴክተር ጥልቀት ሲነግረን ዕቃውን ሳንቲም ያህላል ብሎ ነው። የእኛው ግን መጠንንም ጥልቀትንም ለየብቻ ለመለካት ይሞክራል።

መጀመሪያ ያስቸገረን የጅማ አፈር ነው። አፈራችንን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዲቴክተሩ ደግሞ ይህን ይሰማል። በመስከረም፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ይጮህ ነበር። ልጆቹ እያንዳንዱን ጩኸት ሊቆፍሩ ተሯሯጡ። መፍትሔው መጀመሪያ ባዶ መሬት ላይ መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስማማት ነው። ጥቅሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ የአፈሩ ድምፅ እስኪጠፋ መጠበቅ። ይህን በትዕግሥት የተማረ ልጅ ሌላውን በቀላሉ ተማረው።

ከዚያ አንድ ደንብ አወጣን፦ ግምቱን ደብተር ላይ ሳይጽፍ ማንም አካፋ አይነካም። ምን ያህላል? ስንት ሴንቲሜትር ላይ ነው? ከምን የተሠራ ይመስላል? ስክሪኑ ያለው በአንድ ዓምድ፣ ተማሪው በጆሮው የገመተው በሌላው፣ የተገኘው በሦስተኛው። ለእኔ የክበቡ ሀብት ይህ ደብተር ነው። ሥዕሉ ፎቶ እንዳልሆነ፣ መሣሪያውም እንደ እኛው ገማች እንደሆነ ልጆቹ የተረዱት ከእሱ ነው።

ምሳሌ ልጥቀስ። የአትክልት ቦታውን የዶማ ጭንቅላት ወስደን በጠፍጣፋ ጎኑ አስተኝተን ቀበርነው። ስክሪኑ ትልቅ አለ። በዚያው ጥልቀት፣ በስለቱ አቁመን መልሰን ቀበርነው። አሁን መጠኑ አነሰ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው፣ «ቲቸር፣ እኮ የሚያየው ፊቱን ነው!» አለ። ልክ ነው። መስኩ ከላይ ሲመጣ የሚያገኘው ገጽ ከጠበበ ዙሪት ጅረቱም ይደክማል። ከላውንጁ ጀርባ የሞላው ቆርኪ ደግሞ ደጋግሞ ሳንቲም መስሎ ሸውዶናል።

ማርትሬዛ የሚባለውን የድሮ የብር ገንዘብም ሞክረናል። አንዲት ተማሪ ከአያቷ ተውሳ አመጣች። አያቷ አፈር እንዳይነካው አደራ ስላሉ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የፈተሽነው። ሰማንያ ሦስት በመቶ ገደማው ብር የሆነ፣ 28 ግራም የሚመዝን ሳንቲም ነው። ምስሏ ያለበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢመታ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ይዟል። ብር ኤሌክትሪክን እጅግ ስለሚያስተላልፍ ጥርት ያለ የደወል ድምፅ ሰጠ። የጅማው ሂርማታ ገበያ ነጋዴዎች በዚህ ገንዘብ ይገበያዩ እንደነበር ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማ።

ጥያቄውም ያን ዕለት መጣ። «ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄደን ለምን አንፈልግም?» ፍላጎታቸው ደስ ይላል፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር ክልክል ነው። በድንገት ያገኘም ማሳወቅ አለበት። ከቦታው የወጣ ዕቃ ታሪኩን ግማሽ ያጣል። ሌላም ስጋት አለ። ጣሊያን ጅማን የለቀቀው በሰኔ 1933 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ያልፈነዳ ነገር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ትልቅ ብረት ካጋጠመን አንነካውም፤ ፖሊስ እንጠራለን። ቅርሱን ለማየት ጅማ ሙዚየም ሄደን የአባ ጅፋርን ዕቃዎች በዓይናችን አየን። ያም ይበቃል።

የስልክ ፈልሳፊውን የግርሃም ቤልን ታሪክም አንብበናል። በ1881 እ.ኤ.አ. በጥይት የተመታውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ራሱ በሠራው ሜታል ዲቴክተር ሲመረምር፣ የአልጋው የብረት ስፕሪንግ አሳስቶታል ይባላል። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ቀበቶና ሞባይላቸውን አስቀምጠው መሥራት ጀመሩ። አካፋውንም ራቅ አድርገው ያስቀምጡታል።

ትልቁ ሥራችን የመጣው በግንቦት ነው። የጊቢው የውሃ መስመር በየት እንደሚያልፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ ውሃ ግን ይባክናል። ልጆቹ ከቆጣሪው ተነሱ። መሣሪያውን ወደ ጎን ሲያወዛውዙ ትልቅ ምልክት ይመጣና ይጠፋል፤ ወደ ፊት ሲሄዱ አይጠፋም። በየርምጃው እንጨት ተከሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሲደርሱ ምልክቱ ድንገት ጠፋ። ባትሪ ቀየሩ፣ እንደገና አስማሙ፣ ምንም የለም። የጥበቃ ሠራተኛችን ሲያዩአቸው ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ከዚህ በኋላ ያለው እኮ ፕላስቲክ ነው፤ ሲቀየር እኔው ነበርኩ» አሏቸው። ጸሐፊያችን፣ «አባባ፣ እስከ የት ድረስ?» ብላ ደብተሯን ዘረጋች። ቀሪውን እሳቸው እየመሩ፣ ልጆቹ እየለኩ ጨረሱት።

ፍሳሹ የተገኘው ብረቱና ፕላስቲኩ የሚገናኙበት ላይ ነው። ካርታው በስኩዌር ወረቀት ተሥሎ ለአስተዳደሩ ተሰጥቷል፤ አንድ ቅጂ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ አለ።

በሚቀጥለው ዓመት የእኛን ቀይ አፈር ከቦዬ ረግረግ ዳር ጥቁር አፈር ጋር በባልዲ እያመጣን እናወዳድራለን። መግባት የምትፈልጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት ኑ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ።