የዲሽ ገመዱን አታቃጥሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየኮንዶሚኒየሙ ጣሪያና በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ስለቀረው አሮጌ የዲሽ ገመድ ነው የምጽፍላችሁ። ሰው ቤት ሲለቅ ወይም አዲስ ዲሽ ሲያስተክል የድሮው ገመድ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወይ ተቆራርጦ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል፣ ወይ ቁራሌው ይወስደውና ውስጡ ያለችውን መዳብ ለማውጣት ሲባል በእሳት ይለበለባል። የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ሲቃጠል ደግሞ ልጆች ናቸው የሚተነፍሱት። የሚገርመው የሚገኘው መዳብም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የብዙዎቹ ገመዶች የመሃል ሽቦ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ በመዳብ የተለበጠ ነው። ማግኔት አስጠጉና እዩት።

ይሄው ገመድ የሬዲዮ ሞገድ ማሰስ ለሚወድ ወጣት ትልቅ ሀብት ነው። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የምትሰካ፣ ፍላሽ የምታክል አርቲኤል ኤስዲአር የምትባል መቀበያ አለች፤ ከ24 ሜጋኸርዝ እስከ 1.7 ጊጋኸርዝ ገደማ ታስሳለች። ግን አንቴናው ቤት ውስጥ ከሆነ ኮንክሪቱ ሞገዱን ያዳክመዋል፣ የቻርጀሩና የኤልኢዲ አምፖሉ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ደግሞ የቀረውን ይውጠዋል። አንቴናው ጣሪያ ላይ መውጣት አለበት። ለዚያ ረጅም ገመድ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ እዚያው ጣሪያ ላይ ተጥሏል!

«የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ለሬዲዮ 50 ኦም ነው የሚሆነው» የሚሉ አሉ። ኦሙ የገመዱን ኢምፔዳንስ ይለካል፤ ከመሣሪያው ጋር ካልተመሳሰለ ከሞገዱ ኃይል ጥቂቱ ተመልሶ ይሄዳል። ለማሰራጨት ቢሆን መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ለመቀበል ብቻ ከሆነ ግን በልዩነቱ ምክንያት ተመልሶ የሚሄደው ኃይል 4 በመቶ ገደማ ነው፣ በጆሮ አይለይም። እንዲያውም አርጂ 6 የሚባለው የዲሽ ገመድ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ በ100 ሜትር ርዝመት 7 ዴሲቤል (የሞገድ ኃይል መቀነስ የሚለካበት) አካባቢ ሲያባክን፣ ብዙዎች ገንዘብ አውጥተው የሚገዙት ቀጭኑ ባለ 50 ኦም አርጂ 58 የዚያን እጥፍ ያህል ያባክናል።

ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ፀሐይ የሰነጠቀው ሽፋን ዝናብ ያስገባል፣ ውሃው ከሽፋኑ ሥር የመሃሉን ሽቦ በሚከበው የብረት ክር መረብ ውስጥ እየተሳበ ሜትሮች ይሄዳል። ስለዚህ ጫፉን ቆርጣችሁ እዩ፤ መረቡ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከያዘ የሚያብረቀርቅ እስክታገኙ ድረስ መቁረጥ ነው፣ ካልተገኘ ገመዱን ተዉት። ቀጥሎ በመልቲሜትር መሃሉና መረቡ አለመነካካታቸውን አረጋግጡ። መረቡ አልሙኒየም ከሆነ በካውያ አይበየድም፣ ኤፍ ኮኔክተር (ዲሽ ገመድ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጠመዝማዛ ማያያዣ) መግጠም ይሻላል። አንድ ነገር አደራ፦ ገመዱ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር ፈጽሞ አብሮ እንዳይያያዝ። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ለተገጠመው መቀበያ ጭንቅላት) 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ ትንሿን መቀበያ ሊያቃጥላት ይችላል።

ምን ይሰማል ላላችሁኝ፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አንዳንዴ በ145.800 ሜጋኸርዝ ድምፅና ምስል ይልካል። የአሜሪካኖቹ አሮጌ የኖአ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ቢዘጉም የሩሲያዎቹ ሜቴዎር በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ የደመና ፎቶ ያወርዳሉ። አንቴናው እያንዳንዳቸው 53 ሳንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ዘንጎች ብቻ ነው፣ በ120 ዲግሪ ከፍቶ አግድም ማስቀመጥ። በራሱ እጅ በሠራው አንቴና ከራሱ ሰማይ ላይ የአገሩን ደመና ያወረደ ተማሪ ፊዚክስን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

የምለው ስለ መቀበል ብቻ ነው። ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሰው የግል ግንኙነት መጥለፍ ደግሞ ነውርም ወንጀልም ነው። በአማተር ሬዲዮ (በፈቃድ፣ ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ በሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት) መግፋት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቅ የክበብ ጣቢያ አለ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ ገመዱን ከመቀበያው መንቀል አይረሳ፣ ጣሪያ ላይም ብቻችሁን አትውጡ።

ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችና ለዲሽ ሠራተኞች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ገመዱን ስትነቅሉ አትቆራርጡት፣ 20 ሜትሩ በአንድ ላይ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ጠቅልላችሁ ጥበቃ ቤት አስቀምጡትና በአቅራቢያችሁ ላለ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ደውሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ