ጋሽዬ፣ ተራህ እስኪደርስ ውረድ

ለንደን፣ ኅዳር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እትዬስ፣ ልጆቹስ? እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ በስልክ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ግፊትህ ጨምሮ መድኃኒት ጀመርክ አሉ። አንተ ግን «የሾፌር በሽታ ነው» ብለህ ስቀህ አለፍከው። ጋሽዬ፣ ቀልድህ እውነትነት አለው እኮ!

እዚሁ ለንደን ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የአውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1953 ውጤቱን አሳትሞ ነበር። ያን ጊዜ በባለ ፎቁ አውቶቡስ ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይመሻል። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ። የልብ በሽታው ግን ሾፌሮቹ ላይ ይበረታ ነበር። በኋላ ሲታይ የሾፌሮቹ የደንብ ልብስ ወገቡም ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ሁሉን በወንበሩ ማሳበብ አይቻልም። (ስለ ቀበቶህ ምንም አላልኩም።) ሰውዬው ራሱ 99 ዓመት ኖሯል።

እስቲ ረዳትህን ተመልከተው። ከየካ አባዶ መገናኛ ሲጮህ፣ ሲወርድ፣ ሲንጠለጠል ይውላል። አንተ ተራ ስትጠብቅ እንኳ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተህ ሬዲዮ ታዳምጣለህ። የምለምንህ ያቺን ሰዓት ነው። መኪናዋን ለረዳትህ አደራ ብለህ ውረድና ፈጠን ፈጠን እያልክ ተራመድ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል። በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ አሥር አሥር አድርገህ ብትቆራርጠውም ይቆጠርልሃል። እየተራመድክ ማውራት ከቻልክ፣ መዝፈን ግን ካቃተህ፣ ልኩ እሱ ነው። እንጦጦ ላይ እንደሚሮጡት ልጆች ሁን አላልኩህም። ጎህ ሳይቀድም አትውጣ፤ በካራ በኩል ጅብ እንዳለ አንተው ነህ የነገርከኝ።

ልብ ጡንቻ ናት፤ ስትሠራ ትጠነክራለች፣ የደም ሥሩም ይፍታታል፣ ግፊቱም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ብቻ አደራህን፣ ከመጀመርህ በፊት ሐኪምህን ጠይቀው፤ ክኒኑንም «እየተራመድኩ ነው» ብለህ እንዳትተወው። ደረትህን ከጨመደደህ፣ ወደ ክንድህ ወይ ወደ መንጋጋህ ከተሰማህ፣ ላብ ካጠመቀህ፣ መኪናዋን አቁምና ሰው ሐኪም ቤት ያድርስህ። ራስህ እንዳትነዳ።

ሲጋራውን ዛሬ አልነካውም። አንድ ደብዳቤ ሁለት ጭቅጭቅ አይችልም።

ለገና በሚመጣ ሰው ስኒከር ልኬልሃለሁ፣ ቁጥሩ 42 ነው። ከጠበበህ ለረዳትህ ስጠውና ንገረኝ፣ ሌላ እልካለሁ። እትዬን ደግሞ ሰውየው ሲመለስ ትንሽ ሚጥሚጣ ላኪላት በልልኝ፤ የዚህ አገሩ አያቃጥልም።

ታናሽ እህትህ