የአባቶቻችን ባንድ ሲጫወት ለአባቶቻችን ወንበር ይኑር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን የምጽፈው ለኮንሰርት አዘጋጆች ነው፤ በእናንተ በኩል ይድረሳቸው። አንጋፋ ባንድ መድረክ ሲወጣ ዘፈኖቹን በወጣትነታቸው የሰሙ ሰዎች ገብተው ማየት አለባቸው። አሁን ግን እንዴት ብለው? የሚጀመረው በውድቅት ነው፣ ወንበር የለም፣ ሁሉም ነገር ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

በቅርቡ አባቴን ይዤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለአንድ አንጋፋ ባንድ ኮንሰርት ሄድን። የባንዱን ስም የማልጠቅሰው ቅሬታዬ ከእነሱ ጋር ስላልሆነ ነው። እነሱ እጃቸው ይባረክ።

አባባ የካሴት ዘመን ሰው ናቸው። አይቤክስ ባንድ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ሒልተን በሚጫወቱበት ጊዜ፣ በደርግ ሰዓት እላፊ ምክንያት ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር ይባላል። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ይሄ ሁሉ የሩቅ ወሬ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው ካሴቱ ብቻ ነበር። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሲሆን ያላጀበው ዘፋኝ ጥቂት ነው፤ አባባ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ስዩምን ሊድ ጊታር በጆሮ ይለያሉ። መድረክ ላይ ግን አንድም ቀን አይተዋቸው አያውቁም።

ትኬቱ ላይ 12 ሰዓት ይላል። ባንዱ የወጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ወንበር ያለው ቪአይፒ ብቻ ነው፣ ዋጋው ደግሞ የጡረተኛ አቅም አይደለም። አባባ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ጉልበታቸው አላስችል ሲላቸው ቁጢጥ አሉ። አንድ የማናውቀው ልጅ የቢራ ሳጥን ገልብጦ አምጥቶ «ፋዘር፣ እዚህ ይቀመጡ» አላቸው። እግዜር ይስጠው።

ሙዚቃው ሲጀመር ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ሳክስፎኒስቱ መሃል ላይ ያለውን ሙዚቃ ካሴቱ ላይ ካለው አስረዝሞ ይዞት ሄደ፣ ትራምፔቱ እየተቀበለው፣ ድራመሩም ሁለቱን እያየ፣ አባባ ጆሮዬ ላይ «ይሄ እኮ ካሴቱ ላይ የለም!» እያሉ ይጮሃሉ። ቆየት ብሎ ዘፋኙ አንድ ግጥም ጠፋበት። ወደ ኪቦርዱ ዞር አለ፣ ባንዱም ሳይደናገጥ ዙሩን ደገመለት፣ ሁለተኛው ላይ አገኘውና ገባ። ሲዲ አስከፍቶ ላዩ ላይ የሚዘፈን ዝግጅት ይህን አይሰጥም። አባባ እስካሁን የሚያወሩት ስለዚህች ደቂቃ ነው።

ሳያልቅ ወጣን። ጉልበታቸው እምቢ አለ፣ ምን ይደረግ። በጣም የሚወዱት ዘፈን የተጀመረው በር ላይ ስንደርስ ነበር፤ እስኪያልቅ እዚያው ቆመው ሰሙት። ማታ ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ ስለማይታሰብ አልጋ ይዘን አደርን፣ እሱም ሌላ ወጪ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት ጀምሩ፣ የተባለው ሰዓት ይከበር፣ በጎን በኩል ለአረጋውያን ሁለት ሦስት ረድፍ ወንበር በመደበኛው ትኬት ዋጋ ይደርደር። ወጣቱ ማታውን ከፈለገ ማታ ሌላ ዙር ይኑር፣ ማንም አይቃወምም።

ደግሞ ወደ እኛም ኑ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በየቀኑ ፋብሪካ የሚከፈትባት ከተማ ናት። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሃል ሜዳ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ፣ እኔ የማውቃቸው ብቻ እንኳ ብዙ ናቸው። የሳውንድ ሲስተሙ ጭነት ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፣ ትኬቱ ላይ ትንሽ ቢጨመር እንከፍላለን።

የምቸኩለው ለአባባ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሙዚቀኞቹም እያረጁ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም.፣ አለማየሁ እሸቴ በ2013 አረፉ። ማህሙድ አህመድ በጥር 2017 ሚሌኒየም አዳራሽ ተሰናበተ። አባባ ሦስቱንም በአካል አላዩም። ዘፈናቸውን ግን ከነሙዚቃው በቃላቸው ይወጡታል።

ደብረ ብርሃን ላይ በቀን ላሳይ የሚል አዘጋጅ ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይመልስልን። ቀኑን አስቀድሞ ይንገረን እንጂ ትኬቱን ቀድመን እንገዛለን፤ ብርዱንም ለምደነዋል፣ ጋቢያችንን ለብሰን እንመጣለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን