ታማሚው ከየት ዞሮ እንደመጣ

ልጄ፣

የቆዳ ክሊኒክ መመደብሽን ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ። ጡረታ የወጣሁበት ሥራ ነዋ! ስለ ሥጋ ደዌ የተማርሽው ይበቃሻል። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ታማሚው ነው።

ዘግይቶ ሲመጣ "እስካሁን የት ነበርክ?" ማለት ይቀናናል። ሰውዬው ግን ሕክምና ፍለጋ ሲዞር ነው የከረመው። በሽታው ራሱ ያዘናጋል። ባክቴሪያው የሚራባው በጣም በዝግታ ነው። ምልክቱ እስኪወጣ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴ 20 ዓመትም ይፈጃል። የሚወጣውም ፈዘዝ ያለ፣ የደነዘዘ ምልክት ነው። አያምም፣ ብዙ ጊዜም አያሳክክም። ለዚህ ብሎ ማን ከሥራ ይቀራል?

ስለዚህ መጀመሪያ ቅባት ይገዛል። ከዚያ የባህል ሐኪም ጋ ይሄዳል። እርግማን ነው ካሉት ጸሎት ያስደርጋል። ጤና ተቋም ደርሶ "ጭርት ነው" ተብሎ የተመለሰም አለ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ምልክቱን በጥጥ ጫፍ ነካ አድርጎ "ይሰማሃል?" ማለት ምን ይከብዳል?

አንዳንዱ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። "ለምን እዚያው አትታከምም?" ብለሽ አትመልሽው።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይታደላል። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ትራንስፖርቱና የሚቀርበት የቀን ገቢ ግን ነፃ አይደሉም፤ ቀጠሮ ስትሰጪ አስቢበት።

ስለ መድኃኒቱ ቀድመሽ ንገሪው። ከሚወስዳቸው አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንት ያቀላል። ሌላው፣ ክሎፋዚሚን፣ ቆዳ ያጠቁራል፤ ይሄኛው ከባድ ነው። ደብቆ የኖረውን ነገር መድኃኒቱ ፊቱ ላይ ሲያወጣበት የሚያቋርጥ አለ። ሕክምናውን ከጨረሰ በኋላ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ እንደሚለቅ አስረጂው።

ሕክምና ላይ እያለም ቆዳው ሊቀላ፣ ነርቩ ሊያብጥ ይችላል። መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ እዚያው ይጠፋል። "እጅህ ከደከመ ወይ ዓይንህን ካመመህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ና" በይው። ነርቭ እብጠት በሚቀንሰው መድኃኒት፣ በፕሬድኒሶሎን፣ ቶሎ ከታከመ ሊድን ይችላል። ከቆየ ግን ጣት እንደታጠፈ ይቀራል።

ቤተሰቡም መታየት አለበት። ግን ሳይፈቅድልሽ ማንም ቤት እንዳትደውዪ። ሚስቱ እንኳ ላታውቅ ትችላለች።

እናትሽ