የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ የተተዉ የድንጋይ ካባዎችን ከአየር ፎቶ ላይ መለየት

የጂኦግራፊ ክበብ ሲባል ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ፎቶ የሚነሳ ስብስብ የሚመስላቸው አሁንም አሉ። የዘንድሮ አባሎቻችን የሠሩት በከተማችን ዙሪያ፣ በገጠር የተተዉ የድንጋይ ካባዎችን በአየር ፎቶ ለይቶ መሬት ላይ ማረጋገጥ ነው። ጎንደር በድንጋይ የቆመች ከተማ ናት። አፄ ፋሲል ከቆረቆሯት ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ለግንቡና ለአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በጣሊያን ጊዜ ለፒያሳ ሕንፃዎች፣ ኋላም ለመንገድና ለቤት መሠረት ድንጋይ ሲፈለጥ ኖሯል። ድንጋዩ የወጣበትን ጉድጓድ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ጉድጓዱ ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፤ ከብት ይወድቅበታል፣ እረኛ ልጅ ሊዋኝ ይወርድበታል። ለዚህ ነው ሥራውን የያዝነው።

የኮሚቴ ምርጫው፣ ሳምንታዊው ስብሰባና የግድግዳ ጋዜጣው በወቅታቸው ተከናውነዋል። ቃለ ጉባኤው ስላለ እዚህ አልደግመውም።

የአየር ፎቶ የሚያነብን ሰው መጀመሪያ የሚያሳስተው ጥላ ነው። ፎቶ የሚነሳው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ከእኛ በስተደቡብ ስለምትሆን ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ፎቶውን እንደ ካርታ ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጎ የሚመለከት ሰው ጉድጓዱ ጉብታ፣ ሸለቆው ሸንተረር ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ሰሜኑ ወደ ተመልካቹ እንዲሆን ፎቶውን አዙሮ ማስቀመጥ ግድ ነው። ይህን ያልለመደ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም ካባ አያገኝም።

ቀጥሎ መጠኑ አለ። በ1፡50,000 ስኬል 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው፤ 30 ሜትር ስፋት ያለው ካባ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ፎቶው በ150 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 150 ነጥብ) ስካን ከተደረገ አንዱ ፒክስል፣ ማለትም አንዷ የምስሉ ነጥብ፣ ከ8 ሜትር በላይ ስለሚሸፍን ካባው ጥቂት ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በ1,200 ዲፒአይ ግን አንዱ ፒክስል 1 ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ገንዘብ ከፍለን ያስደረግነው ስካን በ150 ሆኖ ስለመጣ ከእጅ ማጉያ መነፅር የተሻለ ነገር አላሳየንም።

ካባን ከሌላ ጉድጓድ የሚለየው ቅርፁ ነው። አንድ ወገኑ ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን በሌላው ወገን ድንጋዩ የሚወጣበት ክፍት አፍ አለው። ወደዚያ አፍ የሚያመራው መንገድ ከታረሰ በኋላ እንኳ የማሳ ድንበር ሆኖ መስመሩ ይቀራል። በአጠገቡ የማይረባው ድንጋይና አፈር የተደፋበት ክምር ይኖራል። አዲስ ካባ ፎቶ ላይ ይነጣል፤ ሲያረጅ ግን ማረሻ ስለማይገባው አጋምና ቀጋ ይወርሱትና አዝመራው በተነሳበት ማሳ መካከል ጠቁሮ ይታያል። ቦረቦር ቅርንጫፍ አለው፣ ቁልቁል ሄዶም ከወንዝ ይገጥማል። የመሬት መንሸራተት ከላይ እንደ ማጭድ ተቆርጦ ከታች የተንሸራተተው አፈር ተቆልሎ ይገኛል፤ ከካባ የወጣው ድንጋይ ግን ተጭኖ ሄዷልና ከታች እንዲያ ያለ ቁልል የለም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ባሕር ዛፍ የተተከለበት ካባ ነው። ቅጠሉ ጉድጓዱን ይሸፍነዋል፤ ሁለት ተደራራቢ ፎቶዎችን አጣምሮ ከፍታና ዝቅታውን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስቴሪዮስኮፕ፣ ሲታይ ብቻ የዛፎቹ ጫፍ በአንድ ቦታ ረገብ ማለቱ ይጠቁማል።

ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ወዳለው ከፍታ የሄድንበትን ቀን ሳልጽፍ አላልፍም። ፎቶው ላይ ሞላላ ጥቁር ነገር ነበር፤ አብዛኞቹ የከብት ኩሬ ነው አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን አልተቀበለችም። «ኩሬ ቢሆን ግድቡ ከታች በኩል ይሆን ነበር፤ ይኼ ከታች ክፍት ነው፣ ገደሉ ከላይ ነው» አለች። ስንደርስ አጋሙ ውስጥ የተፈለጠው ግድግዳ ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ ሽብልቅ የገባባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች በስንዝር በስንዝር ተራርቀው ተደርድረዋል። ከብት ሲጠብቁ ያገኘናቸው አባት «እናንተ ልጆች ማን ነገራችሁ? ይህን የሚያውቅ አሁን የለም» አሏት። «አባቴ፣ ፎቶው ነው» አለቻቸው።

ይበልጥ የነካኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ፎቶው ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ለክታ 35 ሜትር ብላ ጽፋ ነበር፤ በሜትር ሲለካ 33 ሆነ። ጓደኞቿ «ተሳሳትሽ» ሲሉ እዚያው ደብተሯን ከፍታ አሰላችው። የካሜራው ሌንስ 152 ሚሊ ሜትር፣ አውሮፕላኑ የበረረው ከመሬቱ አማካይ ከፍታ በላይ 7,600 ሜትር ላይ ከሆነ ስኬሉ 1፡50,000 ነው። ቦታው ከአማካዩ 400 ሜትር ከፍ ካለ ግን ለካሜራው ይቀርባልና ወደ 1፡47,400 ይጠጋል፤ 0.7 ሚሊ ሜትርም 33 ሜትር ይሆናል። ይህ በፈተና ወረቀት የሚመጣ ጥያቄ አይደለም፤ ማንም ሳያዛት ነው ያሰላችው።

ያልተሳካም አለ። በባሕር ዛፍ የተሸፈኑትን አብዛኞቹን ቁርጥ አድርገን መለየት አልቻልንም፤ ከከተማ የራቁትንም መጓጓዣ ስላልነበረ አላረጋገጥንም። ክበቡ ያለው አንድ የኪስ ስቴሪዮስኮፕ ነው። ፎቶው 23 በ23 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በኪስ ስቴሪዮስኮፕ ሁለቱ ፎቶዎች መደራረብ ስላለባቸው የላይኛውን ጠርዝ በእጅ እየገለጡ ማየት ግድ ነው፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ባለ መስታወቱ ስቴሪዮስኮፕ ግን ፎቶዎቹን አራርቆ ዘርግቶ ያሳያል። በዓመት ወረቀትና ማርከር እየተሰጠው ይህን የሠራ ክበብ «ምን ሠራ?» ተብሎ መጠየቁ ተገቢ አይመስለኝም፤ መጠየቅ ያለበት ምን እንደጎደለው ነው።

ያረጋገጥናቸውን ካባዎች ዝርዝር ክረምት ከመግባቱ በፊት ለየቀበሌዎቹ እናስረክባለን። ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው ባለ መስታወት ስቴሪዮስኮፕ፣ ተከታታይ ሆነው በ60 በመቶ የሚደራረቡ ፎቶዎች ከ1,200 ዲፒአይ ባላነሰ ስካን፣ እንዲሁም የመኪና ኪራይ ነው። በገጠር ዘመድ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ በአካባቢው የሚታወቅ የድሮ ካባ ካለ የቦታውን ስምና ድንጋዩ ለምን ሥራ እንደወጣ በልጆቻችሁ በኩል ጽፋችሁ ላኩልን።

የክበቡ ተጠሪ መምህር