ሳልመጣ የቀረሁበት ለቅሶ

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት 14

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የድሬ ሙቀት በረድ አለ? እዚህ ብርዱ ገብቷል። ማታ ማታ ጋቢ ደርቤ ነው የምተኛው።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቆጥሬዋለሁ። ደውለሽ አላነሳሁም። መልእክት ልከሽ አልመለስኩም። ከዚያ እናትሽ አረፉ፣ እኔም አልመጣሁም። ዘግይቼም ቢሆን እግዜር ያጽናሽ።

አልሰማሁም ብዬ አልዋሽሽም። በሦስተኛው ቀን ከሰፈራችን ሰው ሰማሁ። ወዲያው መናኸሪያ ወረድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ ደንገጎን መውረድ ብቻ። መኪናው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያየኝ ዓይን ሁሉ ታየኝ። እማማን ሳይሆን ያንን ዓይን አሰብኩ። ቀፊራ ገበያ ወርደው ሲመለሱ ጊሽጣውን ለሁለታችን እኩል የሚያካፍሉንን ሴት!

ስሄድም አንቺን ሳልነግርሽ ነው የሄድኩት። ምክንያቱን አሁን ልንገርሽ። ከትዳሬ ከወጣሁ በኋላ ቡና ላይ ስቀመጥ ወሬ ይቆማል። ስቀር ደግሞ ይጀመራል። በሬን ዘግቼ ብተኛ “ምን ሆናለች?”፣ አምሽቼ ብገባ “የት ነበረች?” ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ከልባቸው አዝነውልኝ ነው። ግን ሐዘናቸውም ከበደኝ። ለሰው ሁሉ ፊቴን አስተካክዬ መውጣት ደከመኝ። ይሉኝታ ልብስ ቢሆን ማታ አውልቄ እሰቅለው ነበር። እኔ ላይ ቆዳ ሆነ።

ገዳም መግባትም አስቤ ነበር። ግን መናኝም ብቻውን አይደለም። ሲመነኩስ እንደሞተ ሰው ፍትሐት ይደረስበታል፣ ከዚያ በኋላም አበምኔት አለው፣ ማኅበር አለው፣ የሥራ ድርሻ አለው። እኔ የፈለግኩት ማንም የማያዘኝን፣ ማንም የማይጠይቀኝን ኑሮ ነው።

ስለዚህ ጀጎል ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ሥራ እየተቀበልኩ ቤቴ እሰፋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ገነት ነበር። ሲርበኝ እበላለሁ። እሁድን ቃል ሳልናገር እውላለሁ። ሌሊት ጅቦቹ ሲገቡ እሰማለሁ። ግንቡ ላይ እኮ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ሆን ተብሎ የተተወ። አምስቱ የጥንት በሮች ለሰው፣ ቀዳዳዎቹ ለጅብ።

አንድ ቀን አከራዬ የሐረሪ ቤታቸውን አስገብተው አሳዩኝ። ሰው እንደ ማዕረጉ የሚቀመጥበትን ነደባ ታውቂዋለሽ። ጎኑ ላይ ግን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ኪርታት ይሏታል። ድሮ ሙሽሮች ሳምንት ሙሉ እዚያ ይዘጋባቸው ነበር። ምግብና ውሃ የሚቀበሉት በትንሽ መስኮት ነው። ማንም አይገባባቸውም። ማንም ግን አይረሳቸውም። በሯ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስፈልገው የኖርኩት ይህንን ነበር፣ ስሙን አላወቅኩትም እንጂ።

ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ጣለኝ። መድኃኒቴን ይዤ አምስት ቀን በሬን ዘጋሁ። አከራዬ ምንም አልጠየቁኝም። ጠዋትና ማታ ሾርባና ሆጃ ሸፍነው መስኮቴ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሁለቴ ያንኳኳሉ፣ ይሄዳሉ። በአራተኛው ቀን ሆጃውን እየጠጣሁ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስላንቺ ነው። እኔ ላንቺ እንዲህ ያለ መስኮት አልተውኩልሽም። ነጻነቴን ካንቺ ወስጄ ነው የኖርኩት። እናትሽ ሲቀበሩ ክንድሽን የሚይዘውን ሰው ነው የወሰድኩብሽ።

ቱሪስቶች የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት እየጠየቁ በደጃችን ያልፋሉ። ቤቱ እንኳ እሱ የኖረበት አይደለም፣ ከሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ሰውየው ግን እውነትም እዚህ ከተማ ኖሯል። ግጥሙንም አገሩንም ትቶ፣ በፈረንጆቹ 1880 መጨረሻ ላይ፣ በ26 ዓመቱ ሊነግድ መጣ። ያ ሁሉን የተወ ሰው ለእናቱና ለእህቱ መጻፍ አልተወም። ሰለቸኝ እያለም ይጽፍ ነበር። በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕሩ ወረደ። በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሲሞት እህቱ አጠገቡ ነበረች። እኔ ላንቺ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ይህን ሳስብ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ወደ ሰፈር ተመልሼ ልገባ አይደለም። ይህ ኑሮ ይስማማኛል፣ ዝምታውንም እወደዋለሁ። ብቻዬን መኖሬ ሰው ጠልቼ አይደለም። እንደዚያ ሲባልብኝ ብዙ ተጎድቻለሁ፣ አንቺ እንኳ እንዳትይኝ። የእማማ ለቅሶ ግን የኔም ለቅሶ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ሰፈሩ ያየኝ እንደሆነ ይየኝ። መጀመሪያ መቃብራቸው ጋ ውሰጂኝ። መናገር ካልፈለግሽ አትናገሪ። መቆጣት ከፈለግሽም ተቆጪኝ አቦ፣ ይገባኛል። እማማ የሚወዱትን ሐላዋ ይዤልሽ እመጣለሁ። በሩን መክፈት ከከበደሽ ደፉ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለቴ አንኳኩቼ እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ።

ጓደኛሽ