ሽጉጥ ከመግዛታችን በፊት ቅዳሜ በእጃችን እንሞክር

ሰላም የክለባችን አባላት፤

ለ10 ሜትር የዒላማ ተኩስ ውድድር የሚገዙትን የአየር ሽጉጦች ለመምረጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደሴ በተለመደው መለማመጃችን እንገናኝ። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ዳገቱንና ጉሙን አስባችሁ በጊዜ ተነሱ።

ዋናው ነገር እጀታው ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንዳችሁን ወደ ዒላማው አንሱ፤ ስትገልጡ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ካልገጠመ እጀታው የእናንተ አይደለም። የጓደኛ ምርጫ አትከተሉ (እኔን አንድ ዓመት አንጓዬን ሲያጣምመኝ ከርሟል)። እስከ 1500 ግራም ይፈቀዳል፤ ግን ከባድ ሁሉ አይረጋም፣ 60ኛው ተኩስ ላይ ክንድ ይዝላል። ቃታው ከ500 ግራም ባነሰ ክብደት የሚሳብ ከሆነ በውድድር ላይ አያልፍም።

የእጃችሁን ዙሪያ ወረቀት ላይ ስላችሁ አምጡ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ፤ ግራኞች ደግሞ ግራኝ መሆናችሁን ጨምራችሁ ጻፉ፣ እጀታችሁ ለብቻ ነው የሚታዘዘው።